የበረቱ ሽታና ሁለቱ ደብተሮች

ደብረ ብርሃን ላይ እበት ሀብት ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጦ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ አመዳይ ለብሶ የሚያድርበት ደጋ ነው፤ ማገዶውም ከባሕር ዛፍ ቀጥሎ ኩበት ነው። በየግንቡ ተለጥፎ የሚደርቅ፣ በአህያ ተጭኖ ገበያ የሚወርድ ኩበት እያየን ነው ያደግነው። ስለዚህ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ሰፈራችን በበረት ሽታ የተነሳ ለሁለት ሲከፈል፣ ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ጉዳይ አልቆጠረውም። "በእበት ተጣልቶ ሽማግሌ የሚጠራ አለ ወይ?" ይሉ ነበር። እኔ ግን ቤቴ ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ የሁለቱም ባለጉዳዮች በር ፊት ለፊት ይታየኛል። የዕድሩም ጸሐፊ ስለነበርኩ ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ የሚባለውን እንድጽፍ አስቀመጡኝ። የሰዎቹን ስም እተወዋለሁ፤ ሁለቱም ዛሬም ጎረቤቶቼ ናቸው።

ባለ ላሟን ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። ባላቸው ሲሞቱ የቀሯቸውን ሁለት ላሞች አራብተው ዘጠኝ አድርሰዋል፤ ሁሉም ከፈረንጅ ዝርያ የተዳቀሉ ናቸው። በወተቱ አራት ልጆች አስተምረዋል። ጾም ሲገባ ወተት ፈላጊ ይጠፋል፤ በሁዳዴ እስከ ፋሲካ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ እየናጡ ቅቤ ያከማቻሉ። ላሟ ግን ጾም አታውቅም፣ ትበላለች፣ ትታለባለች፣ በረቱም ይጠረጋል። የሰፈራችን ልጆች አብዛኞቹ የእሳቸውን ወተት ጠጥተው ያደጉ ናቸው።

በረቱ ሲሠራ ከኋላው የገብስ ማሳ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ከተማው ወደ ማሳው ገፋ፤ መሬቱ ተሸንሽኖ በማኅበር ለተደራጁ ሰዎች ተሰጠ። ከበረቱ ጀርባ ያለው ቦታ ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ደረሰ። መምህሩ ዓመታት ቆጥቦና ተበድሮ የብሎኬት ቤት ሠራበት። ቦታው ጠባብ ስለሆነ የመኝታ ቤቱ መስኮት ወደ በረቱ ዞረ። በመካከላቸው ከአንድ ግንብ በቀር ምንም የለም።

ሽታው ዓመቱን ሙሉ እኩል አልነበረም፤ ይህን መረዳት ለነገሩ ሁሉ ቁልፍ ሆኖ ተገኝቷል። አንዲት የተዳቀለች ላም በቀን ከ20 እስከ 30 ኪሎ እርጥብ እበት ትጥላለች፤ ሽንቷ ለብቻው ነው። የእማማ ከብቶች በአንድ ላይ በየቀኑ ሁለት ኩንታል ገደማ ያወጣሉ። በበጋ እበቱ በማግስቱ ተጠፍጥፎ በፀሐይ ይደርቃል፣ ሽታውም በጥቂት ቀን ይጠፋል። ክረምት ሲገባ ግን ኩበት አይደርቅም። ያኔ እማማ ከበረቱ ጀርባ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ያጠራቅሙታል፤ መስከረም ሲጠባ ገበሬዎች ለፍግ ይወስዱታል። ጉድጓዱ ያለው ከመምህሩ መስኮት ሥር ነው።

መምህሩ መጀመሪያ በልጁ መልእክት ላከ። ቀጥሎ ለቀበሌ ማመልከቻ ጻፈ። አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ባለሙያዎች ልኮ አየና ለእማማ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው፤ ቆሻሻውን በአሥር ቀን ውስጥ አስወግዱ የሚል ነበር። ወዴት እንደሚያስወግዱት የሚል ቃል በወረቀቱ ላይ አልነበረም። በሐምሌ ዝናብ ሁለት ኩንታል እርጥብ እበት በየቀኑ ማን ይወስዳል? እማማ ወረቀቱን ሳጥናቸው ውስጥ ከትተው ዝም አሉ፤ መምህሩ ዝምታውን ንቀት ነው አለ።

ጠቡን ያባባሰው ግን ወረቀቱ አልነበረም። በዚያው ሰሞን አንድ የዕድራችን አባል ሞቶ ድንኳን ተተክሎ ነበር። እኔ መዝገብ ይዤ በመግቢያው ተቀምጫለሁ። እማማ ላም አልበው በቀጥታ መጥተው ከመምህሩ ባለቤት አጠገብ ተቀመጡ። ሴትየዋ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጣል አድርጋ ተነሥታ ወደ ሌላ ወንበር ሄደች። አንድ ቃል አልተናገረችም። ድንኳኑ ውስጥ የነበረ ሁሉ አየ፤ እማማም ማየታችንን አዩ። በሀገራችን ለቅሶ ቤት ውስጥ ከሰው አጠገብ መነሣት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በሳምንቱ የልጅ ልጃቸው "በረት በረት ትሸታለህ" ተብሎ እያለቀሰ መጣ። እማማ በማግስቱ ለመምህሩ ቤት ወተት መስጠት አቆሙ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ቤት መግቢያና መውጫ ሰዓታቸውን አስተካክለው እንዳይገናኙ ይጠነቀቁ ጀመር።

ስለ ሽታ የሚነሣ ጠብ ከሌላው ጠብ የሚከብደው በዚህ ይመስለኛል። ድንበር የገፋ ሰው ድንበሩን ይመልሳል፤ ማሳ የበላ ከብት ካሳ ይከፈልበታል። "ሸተተኝ" የሚል ቃል ግን በረቱን አልፎ የሰውየውን ገላ፣ ልብሱን፣ ልጁን ይነካል። ከሳሹም ማስረጃውን በእጁ ይዞ መቅረብ አይችልም። ሽማግሌ በተቀመጠ ሰዓት ነፋስ ዞሮ ምንም ላይሸት ይችላል።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አንዱ ሻምበል የምንላቸው ጡረተኛ ወታደር ናቸው። ሁለተኛው የደብራችን መሪጌታ፣ ሦስተኛው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን በእንስሳት ጤና ረዳትነት የሠሩ፣ ሰፈሩ "ዶክተር" የሚላቸው ሰው ናቸው። በነሐሴ መጀመሪያ ከቅዳሴ በኋላ በዕድሩ ቤት ተቀመጡ። መሪጌታው ጸሎት አደረጉ። ሁለቱም ወገን ሽማግሌ ያለውን እንደሚቀበሉ ዋስ ጠሩ።

መምህሩ ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1225 ኮፒ አድርጎ አወጣ፤ ከብክለት ቁጥጥር አዋጁም፣ ከአዋጅ ቁጥር 300/1995፣ መጥፎ ሽታ የሚያመነጭ ነገር ከበካይ ነገሮች መቆጠሩን ጠቀሰ። ሻምበል ወረቀቱን ተቀብለው ለእኔ ሰጡኝና "ለሁሉም አንብብልን" አሉኝ። አነበብኩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ያ ሕግ ባለንብረት በጢስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምፅ ወይም በንቅናቄ ጎረቤቱን ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ እንዳያውክ ይከለክላል። ልኩን ለመወሰን ደግሞ የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታ መታየት አለበት ይላል። እማማ ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ።

"እንግዲህ ልማዱ ከብት ማርባት ነው። እኔ በረት ስሠራ እዚህ ገብስ እንጂ መስኮት አልነበረም" አሉ።

"እኔም ማሳው ላይ በጉልበቴ አልተተከልኩም፤ መንግሥት በካርታ ሰጥቶኝ ነው" አለ መምህሩ።

ሻምበል እጃቸውን አነሡ። "ሁለታችሁም እውነት ብላችኋል። ግን እማማ ቀድመው መምጣታቸው ሽታውን አይቀንሰውም፣ መምህርም ካርታ መያዙ በረቱን አያነሣውም። ሕጉ ልኩን እናንተው እወቁት ብሎናል። መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ክስህ በማን ላይ ነው?"

መምህሩ ጥቂት ዝም ብሎ "በሽታው ላይ ነው" አለ።

"እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ስለ ሽታው ብቻ ነው የምናወራው። በለቅሶው ቤት ስለሆነው ግን ዛሬውኑ ይቅርታ ይጠየቃል። እሱን ሳንጨርስ ወደ በረቱ አንገባም።"

የመምህሩ ባለቤት ተነሥታ የእማማን ጉልበት ሳመች። እማማ ፊታቸውን አዙረው ቆዩና "እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ" አሉ። ልባቸው እንዳልፈታ ከድምፃቸው ይታወቅ ነበር፤ መሪጌታውም ወዲያው እንዲፈታ አላስገደዷቸውም። ብዙ ሽማግሌ እዚህ ላይ ዕርቁን ያውጅና ቡና ያስፈላል፤ ሽታው ግን በማግስቱ ይመለሳል። የእኛዎቹ ያደረጉት ከዚህ የተለየ ነበር።

ዶክተር ሁለት የተማሪ ደብተር ከኪሳቸው አወጡ። አንዱን ለመምህሩ፣ አንዱን ለእማማ ልጅ ሰጡ። "መምህር፣ ሽታው የሚጠነክርበትን ቀንና ሰዓት ጻፍ፤ ምን ምን እንደሚሸትም ለይተህ ጻፍ። አንቺ ደግሞ በረቱ ውስጥ ምን እንደተሠራ ጻፊ፤ መቼ እንደተጠረገ፣ መቼ ጉድጓዱ እንደተነካ፣ ለላሞቹ ምን እንደተሰጠ። አንዳችሁ የአንዳችሁን አታዩም።" መምህሩ ተቃወመ፤ እኔ የምለው አይታመንም ወይ አለ። ዶክተር "ይታመናል፤ የምንፈልገው ከየት እንደሚመጣ ነው" አሉት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሮቹ ጎን ለጎን ተዘረጉና እኔ ቀን በቀን አነበብኩ። መምህሩ "ቀኑን ሙሉ ይሸታል" ብሎ ነበር የከሰሰው። በራሱ እጅ የጻፈው ግን ሌላ ነበር። ጠንካራው ሽታ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ከዚያም ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። ረፋዱ ላይ ነፋስ ሲነሣ አብዛኛውን ቀን ምንም አልጻፈም። በደጋ ሌሊት አየሩ ቀዝቅዞ መሬት ላይ ረግቶ ይተኛል፤ ሽታውም አብሮት ይተኛል።

መምህሩ ሦስት ዓይነት ሽታ ለይቶ ጽፏል፤ በዚህ ረገድ በጣም ታማኝ ምስክር ነበር። አንዱ ዓይን የሚያቃጥል ነው። ሁለተኛው የገማ እንቁላል ዓይነት ነው። ሦስተኛው ኮምጣጣ ነው። የእማማ ልጅ ደብተር ላይ ሲታይ ለእያንዳንዱ መነሻ ተገኘለት።

ዓይን የሚያቃጥለው አሞኒያ ነው። ዶክተር እንዳስረዱት እበት ለብቻው፣ ሽንትም ለብቻው ሲሆኑ ያን ያህል አያስቸግሩም። ሽንት ውስጥ ዩሪያ አለ፤ እበቱ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ሲያገኙት በሰዓታት ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። የእማማ በረት ወለሉ ጎድጓዳ ስለነበር ሌሊቱን ሙሉ ሽንቱና እበቱ አብረው ተኝተው ያድራሉ። የሚገርመው፣ ሽታው እንዲቀንስ ተብሎ በሰው ምክር አመድና ኖራ የተበተነባቸው ቀናት በመምህሩ ደብተር ላይ ከሁሉም የባሱ ሆነው ተገኙ። ኖራና አመድ አሞኒያውን ከእርጥቡ አስለቅቀው ወደ አየር ይሰዱታል። እማማ ገንዘብ አውጥተው የገዙት ኖራ ጠቡን ሲያባብስ ከርሟል፤ መምህሩም "ሆን ብለው ነው" ሲል የከረመው በእነዚያ ቀናት ነበር።

የገማ እንቁላሉ ሽታ ከጉድጓዱ ነው። እበት በውሃ ሲሸፈን አየር ያጣል፤ ያለ አየር የሚኖሩት ተሕዋስያን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይሠራሉ። ጋዙ ጉድጓዱ ሲማሰል ይለቀቃል። መምህሩ በተለይ በእሑድ ማለዳ እንደሚብስ ጽፎ ነበር፤ እንግዳ በሚመጣበት ቀን የሚደረግ ተንኮል መስሎት ነበር። በእማማ በኩል ያለው ደብተር እውነቱን አወጣ፤ ጉድጓዱን የሚያማስለው የቀን ሠራተኛ ሌላ ሥራ የማይኖረው እሑድ ጠዋት ብቻ ነው። ዶክተር በዚህ አጋጣሚ ሠራተኛውን አስጠርተው በጥብቅ አስጠነቀቁት፤ ጥልቅ የፍግ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ መሥራት በዚሁ ጋዝ ሰው ይገድላልና ከአፉ ራቅ ብሎ ቆሞ በረጅም እንጨት ካልሆነ በስተቀር እንዳይነካው። ከሽምግልናው ሁሉ ይህ ቃል ብቻ ቢተርፍ ኖሮ ስብሰባው ዋጋ ነበረው እላለሁ።

ኮምጣጣው ሽታ ከእበት አልመጣም። ላሞቹ ከፉርሽካና ከፋጉሎ ጋር የሚሰጣቸው የጠላና የቢራ አተላ ክዳን በሌለው በርሜል ሲቀመጥ የሚያወጣው ነው።

ለአንዱ ጥያቄ ግን ደብተሮቹ መልስ አልነበራቸውም፤ ጉድጓዱ ያን ያህል ውሃ ከየት ያገኛል? ሻምበል በማግስቱ ንጋት ሁላችንም መምህሩ መኝታ ቤት ውስጥ እንድንገኝ አዘዙ፤ እማማም ጭምር። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ እማማ አንድም ቀን ገብተውበት አያውቁም። ዝናብ ነበር። የመምህሩ ባለቤት ወንበር አቀረበችላቸው፤ መስኮቱ ተከፈተ። ሽታው ገባ። የመምህሩ ትንሽ ልጅ ከጎናችን አልጋ ላይ ተኝታለች። ማንም አልተናገረም። እማማ ተነሥተው በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ወደ ታች ተመለከቱ፤ ከዚያ ወደ ላይ ቀና አሉ።

"መምህር" አሉ፣ "የጣሪያህ ውሃ የት እንደሚወርድ አይተኸዋል?"

ሁላችንም በየተራ አየን። ቤቱ አሸንዳ አልነበረውም። የቆርቆሮው ውሃ በሙሉ ግንቡን ዘልሎ በቀጥታ እማማ ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል። መምህሩ ቤቱን ከሠራ ጀምሮ ክረምት በክረምት የሚያማርረውን ጉድጓድ የሚያጥለቀልቀው የራሱ ጣሪያ ነበር። ከዚያ ደቂቃ በኋላ ከሳሽና ተከሳሽ የሚባል ነገር ጠፋ፤ ሁለት የሥራ ድርሻ ያላቸው ሰዎች ቀሩ። ሽማግሌዎቹ ይህን ራሳቸው ቢናገሩት መምህሩ ተከራካሪ ይሆን ነበር። ከገዛ መስኮቱ አይቶት ግን ምን ይላል?

ስምምነቱን የጻፍኩት በዚያው ሳምንት ነው። መምህሩ አሸንዳ ይሰቅላል፤ ውሃውንም በራሱ ግቢ በኩል ወደ መንገዱ ቦይ ያወጣዋል። እማማ የበረቱን ወለል በድንጋይና በሲሚንቶ አንድ ወገን ዘንበል አድርገው ያስነጥፉታል፤ ሽንቱ በቦይ ተለይቶ ጭድ ወደተሞላበት ሌላ ጉድጓድ ይወርዳል። በረቱ ማታ ከመኝታ በፊትና ጠዋት ይጠረጋል። ጉድጓዱ ከግንቡ ርቆ ወደ መንገዱ በኩል ይዛወራል፤ በላዩ ጭድና ሰጋቱራ ይነሰነሳል፤ የሚማሰለውም ነፋስ ሲነሣ፣ ረፋዱን ነው እንጂ ማለዳ አይደለም። የአተላው በርሜል ይከደናል። መምህሩ ቤት ሠርግ፣ ክርስትና ወይም ለቅሶ ሲኖር ጉድጓዱ ጨርሶ አይነካም። ከብቱ ከዘጠኝ አይበልጥም፤ ካስፈለገ ሽማግሌ ዳግመኛ ይጠራል። ቅሬታ የተሰማው ሰው መሥሪያ ቤት ከመሄዱ በፊት በር አንኳኩቶ ይናገራል።

የሲሚንቶውን ወጪ ሁለቱ እኩል ተካፈሉ። ይህ ቀላል ክርክር አልነበረም፤ መምህሩ "ለሌላ ሰው በረት እኔ ለምን እከፍላለሁ?" ብሎ አንድ ቀን ሙሉ ተሟግቷል። ያሳመኑት መሪጌታው ናቸው፤ "የምትከፍለው ለልጅህ እንቅልፍ ነው" አሉት። የዕድሩ ገንዘብ ለቀብር ስለሆነ አልተነካም፤ ወጣቶቹ ግን ድንጋይ በትከሻቸው አቀረቡ። ባዮጋዝ ይሠራ ያሉም ነበሩ። ያ መርሐ ግብር ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራና በሌሎች ክልሎች ብዙ ቤቶችን ከኩበት ጢስ አላቅቋል፤ ነገር ግን ማብላያው በየቀኑ ከእበቱ እኩል ውሃ ይፈልጋል፣ በእኛ ብርድ ደግሞ ጋዙ ቀስ ብሎ ነው የሚመረተው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ዶክተር አልመከሩትም።

ሽታው ጠፋ ብዬ አልዋሽም። ዘጠኝ ከብት ያለበት ግቢ ይሸታል። በ2009 ክረምትም ጉም ረግቶ በሚያድርባቸው ማለዳዎች መምህሩ መስኮቱን ይዘጋ ነበር። ዓይን የሚያቃጥለው ግን ቀረ፣ የገማ እንቁላሉም በእሑድ ጠዋት አልተመለሰም። ወተቱም እንደገና መሄድ ጀመረ፤ የመጀመሪያውን ቀን ጣሳውን ይዛ የመጣችው የመምህሩ ባለቤት ራሷ ናት።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ከዚያን ጊዜው በብዙ ሰፍቷል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ማሳ የነበረው ሁሉ ሰፈር እየሆነ ነው፤ አዲስ ቤት ከጥንት በረት ጋር ግንብ ለግንብ እየተጋጠመ ነው። ቦታ የሚሸነሽን ባለሙያ ከብት ያለበትን ግቢ በካርታው ላይ ካላየው፣ ጠቡን ከቦታው ጋር አብሮ ነው የሚያስረክበው። ለአርቢዎች ከከተማው ዳር ውሃና መንገድ ያለው መሬት ቢሰጥ ብዙ ይቀላል። ያ እስኪሆን ግን አርቢውን በአሥር ቀን ማስጠንቀቂያ ማስጨነቅ ወተቱንም ጉርብትናውንም ያጠፋል።

በ2012 ዓ.ም. ሁለት ላሞች ሴት ጥጆች ወለዱና የእማማ ከብት አሥራ አንድ ሆነ። እማማ ማንም ሳይነግራቸው ሻምበልን ጠሩ። ተቀምጠን ግማሽ ቀን ተከራከርን። መምህሩ አንዷ ትቆይ፣ ጉድጓዱ ግን ይስፋ አለ። እማማ ሁለቱም እንዲቆዩ ለመኑ፤ መምህሩ አልተቀበለም፣ ሽማግሌዎቹም ደገፉት። ጉድጓዱ አንድ ሜትር ሰፋ። ሁለተኛዋን ጥጃ እማማ ጫጫ ላለ ገበሬ ሸጧት፤ በሽያጩ ወረቀት ላይ ምስክር ሆኖ የፈረመው መምህሩ ነው።